ለቅሶ ሜዳ የወጣው ዋንጫ

ንፋስ መውጫ ከተማ ካለው ቤታችን ጀርባ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለች። ድሮ ማገዶና ከሰል እናስቀምጥባት ነበር። ባለቤቴ ከሰሉን ቀስ በቀስ አስወጥቶ አሮጌ የቤት ዕቃ ሞላት። ግድግዳው ላይ አቁማዳና ስልቻ ተሰቅሏል። መደርደሪያው ላይ ኩራዞች፣ የቀንድ ዋንጫዎች፣ ጠርዙ የተበላ የእንጨት ገበታ፣ አንገቱ የተሸረፈ ገንቦ፣ ሹሩባዋ እንዳይበላሽ ሙሽራ የምትንተራሰው ብርኩማ ተደርድረዋል። በሩ ሥር ከመፍጨት ብዛት እንደ ሳሙና ያለቀች መጅ አለች። አሁን ያችን ክፍል የምከፍታት አቧራ ለማራገፍ ብቻ ነው።

እሱ የታሪክ መምህር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የነገሥታት ስም ሲያስጠና ይከርምና ቅዳሜ ሲሆን ወደ ገጠር ይወርዳል። ለቅሶም ይሁን ክርስትና፣ ማኅበርም ይሁን ሠርግ፣ ከተጠራበት አይቀርም። ሰው ቤት ሲገባ ዓይኑ ወደ ጓዳ ይሄዳል። አሮጌ ዕቃ ካየ ማን ሠራው ብሎ አይጠይቅም። «መጨረሻ የያዘው ማን ነበር?» ነው የሚለው። ሠሪውን የሚያስታውስ የለም፣ መጨረሻ የያዘውን ግን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል ይል ነበር። ይህን ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ ከቤቱ ሰው አንዱ ያለቅሳል። ሲመለስ ዕቃውንም ለቅሶውንም ይዞልኝ ይመጣል።

ጡረታ ስወጣ እጽፈዋለሁ ሲል ኖሮ አንድ መስመር ሳይጽፍ ሄደ። እኔ የማስታውሰው የነገረኝን ብቻ ነው።

አቁማዳው ከታች ጋይንት የመጣ ነው። በሰፈራው ጊዜ አንድ አባወራ የገብስ ዘር ቋጥሮበት ከነቤተሰቡ ወደ ቆላ ሄደ። የሄዱበት አገር ገብስ አያበቅልም። ዘሩን ቆልተው በሉት። አባወራው በወባ ሞተ፤ ልጆቹም ተከተሉት። ሚስቱ ብቻዋን፣ በእግሯ፣ ባዶውን አቁማዳ ተሸክማ ተመለሰች። ባለቤቴ «ለምን ባዶ አቁማዳ ተሸከሙ?» ሲላቸው፣ ያኔ አሮጊት ሆነው ነበር፣ «ታዲያ ምን ይዤ ቤቴ ልግባ?» አሉት። ይህን የነገረኝ ዕለት እራቱን አልበላም።

ከኩራዞቹ አንዱ ከእርዳታ ዘይት ጣሳ የተሠራ ነው። የባዕድ ፊደሉ አሁንም ግማሽ በግማሽ ይነበባል። ያን ዘይት ተሰልፋ የተቀበለችው እናት ቤቷ ስትደርስ ዘይቱን ይበላል ያለችው ልጅ አልጠበቃትም። ዘይቱን ለጎረቤት ሰጠች፤ ጣሳውን ግን ለቀጥቃጭ ወስዳ ኩራዝ አሠራችው። ሌሎቹን ልጆቿን ያሳደገችው በዚያ ብርሃን ነው። ሶላር መጥቶላት እንኳ ኩራዙን መጣል አልሆነላትም። ስትሞት ልጇ ለባለቤቴ ሰጠው።

የሰፈሩ ሰው ባለቤቴን «ቁራሌው» ይለው ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ በር ላይ በተገናኘን ቁጥር ታደርቀኝ ነበር።

«እቴ፣ የኔ ባል ደሞዙን መጠጥ ቤት ያስገባል። ያንቺ ደግሞ የተሰነጠቀ ገንቦ ቤት ያስገባል። የቱ ይሻላል?»

«ያንቺ ይሻላል» አልኳት። «መጠጡስ ይተናል። ገንቦው ቦታ ይይዛል።»

ባለቤቴ ከውስጥ ሰምቶ ይስቅ ነበር። ሳቁ ዝግ ያለ ነው፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

በኋላ በኋላ ሌሎች ፈላጊዎች መጡ። ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር እየወሰዱ ለቱሪስት የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ የአያቱን ዋንጫ ከልጅ ልጁ እጅ በስልክ ካርድ ይወስዱ ጀመር። ያኔ ሽማግሌዎቹ ዕቃቸውን ራሳቸው እያመጡ ለባለቤቴ ይሰጡት ነበር። ለመምህሩ የተሰጠ ዕቃ አይሸጥም የሚል ስም ወጣለት።

ከዚያ ጉበቱ ታመመ።

ስለ ሕመሙ ብዙ መጻፍ አልችልም። ደብረ ታቦር ታየ፤ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ላኩን። ሆዱ አብጦ እግሩ ቀጠነ። እኛ እዚያ እያለን መንገዱ ተዘጋ። ይዘጋል ይከፈታል የሚባል ነገር ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ ይከፈታል እያልን ስንጠብቅ እሱ አልጠበቀም። አስከሬኑን ይዤ ልመለስ ብዬ ሾፌር ለመንኩ። አንዱ አልሄድም አለኝ። ሌላው እስከ ደብረ ታቦር አደርስሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ በምንም አላልፍም አለኝ። ደብረ ታቦር ላይ አስከሬን ይዤ የት ልቁም? እዚያው ባሕር ዳር፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መካከል ቀበርኩት። ልብሱን እንደ ደንቡ ለካህናቱና በደጀ ሰላሙ ለነበሩት ነዳያን ሰጠሁ። ካፖርቱንም ሰጠሁ።

እናቱ፣ አማቴ ማለት ነው፣ ስማዳ ገጠር ውስጥ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ደክሟል። ሰውን በድምፁ፣ ዕቃን በእጃቸው ነው የሚለዩት። እኔ ባሕር ዳር እያለሁ የአጥቢያው ሽማግሌዎችና ቄሱ በማለዳ ሄደው መርዶውን አረዷቸው። አማቴ «እሺ» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ጥጆቹን ሊያስሩ ወጡ።

አላለቀሱም። በማግስቱም አላለቀሱም። ለቀስተኛ ሲመጣ ግቡ ተቀመጡ ይላሉ፤ እግዜር ይማረው ሲባሉ «መንገዱ ሲከፈት ይመጣል» ብለው ይመልሳሉ። ለእሱ ያሉትን ሽሮ አስፈጭተው በቅል አስቀመጡ። መጀመሪያ ሰው ብርቱ ናቸው አለ። ቆይቶ ግን ይፈራቸው ጀመር።

መንገዱ ሲከፈት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ንፋስ መውጫ ድረስ መጣ። ገበሬ ነው፤ እጁ ከባለቤቴ እጅ ጋር አንድ ነው፣ ሻካራነቱ ብቻ ይለያል። ገና ውኃ ሳይጠጣ ጉዳዩን ነገረኝ።

«እትዬ፣ ለቅሶውን በቀዬው ልናወጣው ነው። እምዬ ካላለቀሰች አእምሮዋ ይነካል። አሁንስ ማታ ማታ በር አትዝጉ ማለት ጀምራለች። የወንድሜን ዕቃ ስጪኝ።»

በኛ አገር ወንድ ሲሞት ዕቃው ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። ጠመንጃ ያለው ጠመንጃው፣ በቅሎ ያለው በቅሎው፣ ሌላው ባርኔጣው ወይ ካፖርቱ። አልቃሿ ያንን እያነሣች ትገጥማለች፤ ሰው ያንን እያየ ያለቅሳል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ደግሞ ዕቃው አስከሬኑን ይተካል። የወጣ ዕቃ ሲታይ ነው ሰውየው አለመኖሩ የሚታመነው።

መነጽሩንና ስልኩን አምጥቼ ሰጠሁት። መዳፉ ላይ አድርጎ አየው፣ አየው።

«እትዬ፣ በመነጽር ማን ያለቅሳል? አልቃሿስ ምን ትበል?»

«ያለው ይኸው ነው።»

«ፎቶ ይዘን እንዳንወጣ እምዬ አታይም። ዳስሳ የምታውቀው ነገር ነው የሚያስፈልገው። ካፖርቱስ?»

«ለአባ ሰጠሁት። ደንብ ነው።»

«ደንብስ ነው» አለ። የሰው ሁሉ ዕቃ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ለራሱ ለቅሶ የሚሆን ዕቃ አልነበረውም። ያኔ ነው ያወቅሁት።

ወንድሙ ተነሥቶ የጓሮዋን ክፍል ከፈተ። ለረጅም ጊዜ በሩ ላይ ቆመ።

«ይህ ሁሉ የሱ አይደለም እንዴ?»

«የሰው ነው።»

«ሰው ጠመንጃ ተውሶ ያለቅስ የለም? አጎታችን የሞተ ጊዜ የወጣው ምንሽር የጎረቤት አልነበር? ማን ምን አለን?»

እውነቱን ነው፤ ውሰት ነውር አይደለም። አቁማዳውን ሲያነሣ ተው አልኩት፤ ባዶ እጇን ላለመግባት የተሸከመችው ሴት መጣችብኝ። ኩራዙን ሲያነሣ ዘይቱ መጣብኝ። ገበታውንም፣ ብርኩማውንም እንደዚያው። መጨረሻ የያዘው ሰው ከየዕቃው ጋር ቆሞ ነበር። መጨረሻ ላይ ከዋንጫዎቹ ትልቁን አወረድኩ። የበሬ ቀንድ ነው፤ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። አፉ ላይ ተሰንጥቆ በቀጭን የመዳብ ሽቦ እንደ ልብስ ተሰፍቷል። ስለዚህ ዋንጫ ባለቤቴ ምንም ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ስጠይቀው «እሱ ይቆይ» ብሎ አልፎኛል። ታሪኩን ስለማላውቀው ባለቤት የሌለው መሰለኝ።

ወንድሙ ተቀብሎ አገላበጠው። «ጠላ እንኳ የማይቀምስ ሰው በዋንጫ ይለቀስለት? ሲሞት ጀመረ ይሉናል እንግዲህ» አለ። ሁለታችንም ሳቅን። ዋንጫውን በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

በሚኒባስ አርብ ገበያ ከተማ ደረስን፤ ከዚያ በጭነት መኪና ወደ ስማዳ፣ የቀረውን በእግር። ገብሱ ታጭዶ ክምሩ ቆሟል። መንገድ ላይ የምናገኘው ሰው ጥቁር መልበሴን እያየ ይቆማል፣ እግዜር ያጥናሽ ይላል፣ ያልፋል። እኔ የማስበው ስለ አማቴ ብቻ ነበር። ዕቃው ሲወጣ ያለቅሱ ይሆን? ካላለቀሱስ?

ለቅሶው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ ነበር። መሐል ላይ አልጋ አውጥተው ነጭ ጋቢ አነጠፉበት፤ ዋንጫውን ከላይ አስቀመጡት። ሰው ክብ ሠርቶ ቆመ። አልቃሿ ድምፃቸው እንደ ምላጭ ነው፤ ዋንጫውን ከፍ አድርገው ይዘው ስለ መምህሩ ገጠሙ፤ በየቤቱ ገብቶ ያልረሳ፣ የድሀውን ታሪክ የጠየቀ እያሉ። ተማሪዎቹ የነበሩ ጎልማሶች ሲያለቅሱ አየሁ። እኔም አለቀስኩ። አማቴ ግን ከሴቶቹ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ገበያ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ብለዋል።

አልቃሿ ትንፋሽ ሲወስዱ አማቴ እጃቸውን ዘረጉ።

«እስቲ አምጡልኝ።»

ወንድሙ ዋንጫውን አንሥቶ እጃቸው ላይ አኖረው። አማቴ ታቹን ዳሰሱ፤ ጎኑን ዳሰሱ፤ የተሰፋው አፉ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«የማን ነው ይህ?»

«የሱ ነው፣ እምዬ» አለ ወንድሙ።

«የኔ ልጅ ጠላ አይጠጣም።»

«ያስቀምጠው ነበር። ቤቱ ነው የነበረው።»

«የሰው ዕቃ ነው» አሉ አማቴ። ፊታቸው ሲፈታ በዓይኔ አየሁ። ከመርዶው ወዲህ እንደዚያ ተፈትቶ አያውቅም አሉኝ ጎረቤቶቹ በኋላ። «የሱማ ዕቃ ከሌለ እሱም አልሞተም። ሞቶ ቢሆን ዕቃውን ታመጡልኝ ነበር።»

ሊያስለቅሳቸው የመጣው ነገር ተስፋ ሰጣቸው።

ከሴቶቹ መሐል አንዲት መነኵሲት ወደ ፊት መጡ። ከማዶ ደብር ናቸው፤ ቆባቸው ከመታጠብ ብዛት ሳስቷል። መቋሚያቸውን ለጎናቸው ሴት ሰጥተው ከአማቴ ፊት ተንበረከኩ። ዋንጫውን ግን አልነኩትም። ሽቦውን ብቻ ነው የሚያዩት።

«ማን አረዳችሁ?» አሉ።

ማንም አልገባውም። ዞር ብለው እኔን አዩኝ። «አንቺ ነሽ የመምህሩ ሚስት? መምህሩ ነው የሰማው? የት ሞተ አሉት?»

«ማን፣ እማሆይ?»

«አባቴ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነገር እዚያው ሜዳው ላይ፣ ሰው እየተጠጋ፣ በቁርጥራጭ ነው የሰማሁት። አንዳንዱን እማሆይ፣ አንዳንዱን ነገሩን ከልጅነታቸው የሚያውቁ ሽማግሌዎች ነገሩኝ።

በንጉሡ ጊዜ የስልክ እንጨት በአባታቸው ማሳ ላይ ወደቀ። ሽቦው መሬት ላይ ከረመ። አባታቸው ከሱ ትንሽ ቆርጠው የተሰነጠቀ ዋንጫቸውን ሰፉበት። እጃቸው ለሥራ የተባረከ ነበር፤ ማንም ያየው ያደንቀዋል። አንድ ቀን የመንግሥት ታጣቂዎቹ ነጭ ለባሾች ሽቦ የቆረጠ ሰው እየፈለጉ መንደር መጡ። ደክሟቸዋል፤ ቤት ገቡ። አባትየው እንግዳ ናቸው ብለው ጠላ አቀረቡላቸው። ለአለቃቸው ደግሞ፣ ለክብሩ፣ በምርጡ ዋንጫቸው ሰጡት።

«ጠጥቶ ጨረሰ» አሉ እማሆይ። «እናቴን እግዜር ይስጥልኝ ብሏታል። ከዚያ የዋንጫውን አፍ በጣቱ ዞረው፤ ሽቦውን አገኘው።»

ደብረ ታቦር ወሰዷቸው። ሚስትየው ስንቅ ቋጥረው ሲሄዱ ሌላ ቦታ ተዛውሯል አሏቸው። የት እንደሆነ የነገራቸው የለም። መርዶ ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጡም። መርዶው ያልመጣ ሰው አይለቀስም፣ በቁም እንደ መግደል ነው። ተዝካር አልወጣም፤ ሚስትየውም ሌላ አላገቡም፣ ጥቁርም አልለበሱም። ዋንጫውን በየሳምንቱ እያጠቡ ኖረው ሞቱ። ልጃቸው እማሆይም አድገው፣ ወልደው፣ ባላቸውን ቀብረው መነኰሱ። የልጅ ልጃቸው ዋንጫውን ለነጋዴ ሊሸጠው ሲል ነጥቀው ለባለቤቴ ሰጡት።

«ባለቤቱ እስኪመጣ አንተ ጋ ይቆይ አልኩት። ደብረ ታቦር በሄድህ ቁጥር ጠይቅልኝ፤ ወሬ ከሰማህ ያኔ አውጣው አልኩት። እሺ አለኝ። ይኸው አወጣው።»

ባለቤቴ ለምን «ይቆይ» እንዳለኝ ያኔ ገባኝ። ስህተት መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ምንም እንዳልሰማ፣ ዋንጫውን ያወጣሁት እኔ ሳላውቅ እንደሆነ። የአጥቢያው ቄስ ክንዴን ያዙኝ።

«ተዪ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሰውየው ዛሬ ቢኖር ስንት ዓመቱ ነው? ሞቷል። የቀረው መነገሩ ብቻ ነበር።»

እማሆይ ዋንጫውን ከአማቴ እጅ ወሰዱ። ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ድምፃቸው ያረጀ ነው፤ ግጥሙ ግን ለዘመናት ሲያዘጋጁት የቆዩት ይመስላል።

ስልኩ ሳይነግረኝ፣ ወሬ ሳልሰማበት፣
አባቴ ዛሬ ገባ ሰው ባለቀሰበት።

ሜዳው ሁሉ ተቀበላቸው። ስሙን እንኳ ብዙው ሰው ለማያውቀው፣ ለስልክ ሽቦ ሲባል ለጠፋ ሰው፣ የባለቤቴን ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ አለቀሰ። አማቴም ተነሡ። እየዳሰሱ ሄደው እማሆይን አቀፏቸው። አለቀሱም። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አየሁ። ወንድሙ በጎኔ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል።

ወደ ቤት ተመልሰን ንፍሮ ሲቀርብ አማቴ ጥቂት ቀመሱ። ሁላችንም ቀለል ብሎናል። እሳቸው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ጠርገው እንዲህ አሉ።

«ምስኪን። ያን ያህል ዘመን አባቷን ስትጠብቅ ኖረች። የኔስ ሩቅ አይደለም። መንገዱ ሲከፈት ይመጣል።»

ወንድሙ ንፍሮውን አስቀመጠ። «እምዬ፣ መንገዱ ተከፍቷል። እኛስ በምን መጣን?»

አማቴ ትንሽ አሰቡ።

«እንግዲያ ነገ ይደርሳላ» አሉ።

ወንድሙ ወጥቶ ሄደ።

በማግስቱ ማለዳ እማሆይ ወደ ደብራቸው ሊመለሱ ሲነሡ ልሸኛቸው ወጣሁ። ዋንጫውን በቀሚሳቸው እጅጌ ውስጥ ይዘውታል። ፊታቸው አብጧል፤ አረማመዳቸው ግን እንደ ትላንቱ አይደለም። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«መምህሩ ነግሮሽ ይሆን? ሲሞት አልጋ ላይ ነበር ወይስ መሬት ላይ? ውኃ የሰጠው ሰው ነበር?»

ምን ልበላቸው? ልዋሽ አሰብኩ። ቀላል ነበር፤ አንድ ቃል ብቻ ነው። አፌ እምቢ አለኝ።

«አላውቅም፣ እማሆይ። አልነገረኝም።»

«እሺ» አሉ። ቁልቁለቱን ጀመሩት። መንገዱ ላይ እየራቁ፣ እየራቁ ሲሄዱ አየኋቸው። ከሚስት ጀምሮ እስከ ልጅ ዘመናቸውን የጠየቁት እንዴት እንደሞተ ኖሯል፤ መሞቱንማ ያውቁታል። የሚነግራቸው አጥተው ነው።

አማቴንም የነገራቸው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ያረዷቸው እንደ ወጉ ነው፦ እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ወሰደ፣ በርቱ። ወጉ ነገር እንዳይበዛ፣ እንዳይረዝም ተብሎ የተሠራ ነው። እኔም ስመጣ አቅፌ ከማልቀስ በቀር አንድ ነገር አልነገርኳቸውም። እዚያ የነበርኩት እኔ ብቻ ሆኜ ሳለሁ።

አማቴ በቤቱ ጥግ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ዓይናቸው ባያይም ጣታቸው ጠጠሩን አይስትም። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እንዴት እንደሞተ ልንገርዎ።»

ጣታቸው አልቆመም። አትንገሪኝ ግን አላሉም።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሆዱ እንዴት እንዳበጠ፣ ቀበቶ እንዴት እምቢ እንዳለው። አልጋው ከመስኮት አጠገብ እንደነበር፤ ከመስኮቱ ሐይቁ ሳይሆን የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ብቻ እንደሚታይ። ቆሎ አምሮት ገዝቼ መጥቼ ማኘክ እንዳቃተው፤ አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ ይዟት እንደዋለ። መጨረሻ ላይ አእምሮው ሲወጣና ሲገባ እኔን ተማሪ ነሽ እያለ ይቆጣኝ እንደነበር። ውኃ በጥጥ ነክሬ ከንፈሩን እንዳረጠብኩለት። ትንፋሹ ሲርቅ፣ ሲርቅ፣ ከዚያ እኔ የሚቀጥለውን ስጠብቅ።

«ማን አጠበው?»

«እኔና ከጎኑ የተኛ በሽተኛ ያስታምም የነበረ ሰው። ጎጃሜ ነው። አላውቀውም ነበር።»

«እግዜር ይስጠው።» አንዲት ጠጠር ለቅመው ጣሉ። «አፈሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ ነው፣ እማማ። ረጠብ ያለ።»

«ድንጋይ አለው?»

«የለውም። ቆፋሪዎቹን አላስቸገራቸውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የኛ አገር መቃብር ድንጋይ ነው፤ አንድ ሰው ለመቅበር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ምስሩን በጣታቸው ወዲያና ወዲህ አሉት፤ መልቀሙን ግን ትተዋል።

«እግሩስ?»

«ቀዝቅዞ ነበር። በካልሲ ላይ ካልሲ አድርጌለት ነበር፤ አልሞቅ አለኝ። በእጄ ይዤ ነው ያደርኩት።»

«አይሞቅም» አሉ። «ሕፃን ሆኖም አይሞቅለትም ነበር። በጭኔ መሐል አድርጌ ነው የማስተኛው።»

ከዚያ ሰፌዱ ከጉልበታቸው ወደቀና ምስሩ መሬት ላይ ፈሰሰ። የወጣው ድምፅ መጀመሪያ የሳቸው አልመሰለኝም። ስሙን ጠሩት፤ ደጋግመው ጠሩት፤ መሬቱን በመዳፋቸው እየመቱ። ያዝኳቸው፤ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉብኝ። ማዶ አውድማ ላይ እህል ይወቁ የነበሩት ሰዎች በሬዎቹን አቁመው ወደኛ መምጣት ጀመሩ።